በጭስ ምርመራ ደጋግሞ ለሚወድቅ መኪና የትኛው ጥገና ይቅደም?

የእኔ መኪና በጭስ ምርመራ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ወድቋል። ከመጀመሪያው በኋላ የኦክስጅን ሴንሰሩን፣ ማለትም በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ለክቶ ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚናገረውን፣ ቀየርኩ። ከሁለተኛው በኋላ አዲስ ካታላይዘር፣ ማለትም በጭስ መስመሩ ላይ ተቀምጦ መርዛማውን ጋዝ የሚያጠራ ክፍል፣ አስገጠምኩ። በሦስተኛው ምርመራ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ብዙም ፈቅ አላለም።

ጥፋቱ የተገኘው አንድ ብርዳማ ማለዳ ላይ ነው። ሞተሩን ሳስነሳ ከኮፈኑ ሥር ጥክ ጥክ የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ጠፋ። በማግስቱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በባትሪ መብራት ጎንበስ ብዬ ስፈልግ፣ ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ በሚሰበስበው ብረት ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። ከሴንሰሩ በላይ ናት፤ ርቀቱ ስንዝር አይሞላም። ዙሪያዋን ጥላሸት ጠቁሯል። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ድምፁ ይጠፋል እንጂ ስንጥቋ ሙሉ በሙሉ አትዘጋም። በእሷ በኩል የሚገባው አየር ሴንሰሩን እየመታ «ቤንዚን አንሷል» ያሰኘዋል፤ ኮምፒውተሩም አምኖ ቤንዚን ይጨምራል። ጭሱ እየከፋ የሄደው ኮምፒውተሩ የታዘዘውን በትክክል ስለፈጸመ ነበር። አውጥቼ የጣልኩት ሴንሰርም ካታላይዘርም ጤነኞች ነበሩ።

መኪናው በወደቀ ቁጥር አራት አምስት ምርጫ ይቀርብልዎታል፦ የነዳጅ ማጽጃ ጠርሙስ፣ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው)፣ ሴንሰር፣ ካታላይዘር፣ መሸጥ። ብዙ ሰው የሚመርጠው በዋጋ ወይም በሚያውቀው ሰው ምክር ነው። እኔ የምመክረው ግን በሁለት ቁጥሮች እንዲመርጡ ነው፤ አንዱ ከምርመራ ወረቀቱ፣ ሌላው ከስካነሩ፣ ማለትም መኪናው ላይ ተሰክቶ የኮምፒውተሩን መረጃ ከሚያነበው መሣሪያ፣ ይገኛል።

መጀመሪያ ወረቀቱን ይለምኑ

«ወድቋል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም። መለኪያው የጋዝ ዓይነቶችን ለያይቶ የሚመዘግብ ከሆነ ቁጥሮቹ የታተሙበትን ወረቀት ይጠይቁ፤ የቀደሙትንም አይጣሉ።

ቤንዚን በትክክል የሚቃጠለው በክብደት 14.7 እጅ አየር ከ1 እጅ ቤንዚን ጋር ሲቀላቀል ነው። ይህ ሚዛን ላምዳ 1 ይባላል። ከ1 ሲያንስ ቤንዚን በዝቷል፣ ከ1 ሲበልጥ አየር በዝቷል ማለት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍ ብሎ ኦክስጅን ወደ ዜሮ ከተጠጋ ቤንዚን በዝቶ አየር አጥሮታል። ሃይድሮካርቦን፣ ማለትም ያልተቃጠለ ቤንዚን፣ ከፍ ብሎ ኦክስጅንም አብሮ ከፍ ካለ ከሲሊንደሮቹ አንዱ ሳይቃጠል ያልፋል፤ ቤንዚኑም አየሩም እንደገቡ ይወጣሉ። ናይትሮጅን ኦክሳይድ ብቻውን ከፍ ካለ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሙቀት ከልክ አልፏል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ጋዝ በብዛት የሚፈጥረው ከ1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ እሳት ነው። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚፈተሸው ኢጂአር ቫልቩ ነው፤ ከጭሱ ጥቂቱን መልሶ ወደ ሲሊንደር በመላክ እሳቱን የሚያበርደው እሱ ነውና በካርቦን ሲደፈን ሙቀቱ ይወጣል። ኢጂአር በሌለው መኪና ደግሞ የማቀዝቀዣው ሥርዓትና በፒስተኑ ላይ የተጋገረው ካርቦን ይታያሉ።

ካርቦን ዳይኦክሳይድንም አይዝለሉት። ሞቆ በደንብ በሚሠራ የቤንዚን ሞተር ከ13 እስከ 15 በመቶ ይደርሳል። እሱ በጣም አንሶ ኦክስጅን ከበዛ፣ ስለ ሞተሩ ከመጨነቅ በፊት ማርሚታው ወይም የጭስ ቱቦው ተቀዶ እንደሆነ ይመልከቱ። መለኪያው የሳበው ጭስ ከውጭ አየር ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል።

ላምዳው 1 ላይ ሆኖ፣ ኦክስጅኑም ትንሽ ሆኖ፣ ሞተሩም ሳያንገጫግጭ እየሠራ ጋዞቹ ሁሉ ከልክ በላይ ከሆኑ ካታላይዘሩን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለ። ከዚያ በፊት ግን የለም።

ሁለተኛው ቁጥር

ስካነር ሲሰካ ብዙ ሰው የሚያየው የጥፋት ኮዱን ብቻ ነው። ከኮዱ ይልቅ ብዙ የሚናገረው፣ ኮምፒውተሩ ከተወሰነለት መጠን ላይ ስንት በመቶ ቤንዚን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ የሚያሳየው መስመር ነው። የአጭር ጊዜና የረጅም ጊዜ ተብሎ በሁለት ይከፈላል፤ ድምሩ ከ10 በመቶ ወዲህና ወዲያ ካላለፈ ብዙ ጊዜ ደህና ነው።

ጭሱ ቤንዚን በዝቶበት፣ ኮምፒውተሩም እየቀነሰ ከሆነ፣ ለምሳሌ መስመሩ ከዜሮ በታች 18 ካሳየ፣ ኮምፒውተሩ እውነቱን አውቆ እየታገለ ነው። ቤንዚን ከሌላ በኩል እየገባ ነው፤ የሚያንጠባጥብ ኖዝል (ቤንዚን የሚረጨው) ወይም የተበላሸ የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ ሊሆን ይችላል። በግፊት መቆጣጠሪያው ላይ ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ካለ ነቅለው ያሽትቱት፤ ቤንዚን ከሸተተ ወይም ከረጠበ የውስጡ ሽፋን ተቀዷል።

ጭሱ ቤንዚን በዝቶበት ኮምፒውተሩ ጭራሽ እየጨመረ ከሆነ ግን አንድ ነገር እያሳሳተው ነው። የእኔ መኪና እንዲህ ነበር፤ መስመሩ ከዜሮ በላይ 22 ያሳያል፣ ወረቀቱ ቤንዚን በዝቷል ይላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ኖሮ ካታላይዘር የመግዛት ሐሳብ ባልመጣብኝ። ይህ ሲያጋጥም ከሴንሰሩ በፊት ያለውን የጭስ መስመር ስንጥቅና ጋስኬት ይፈትሹ፤ ከዚያ ሴንሰሩን ራሱን።

መስመሩ ሞተሩ ሞቆም ከዜሮ ካልተነቃነቀ ኮምፒውተሩ ገና ሴንሰሩን መስማት አልጀመረም፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ያምናል። ተጠርጣሪዎቹ ክፍት ሆኖ የቀረ ቴርሞስታት (የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚዘጋና የሚከፍት) ወይም የውሃ ሙቀት ሴንሰር ናቸው። መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ ሞተሩን ሳያስነሱ ስካነሩን ይክፈቱና የውሃውን ሙቀትና የሚገባውን አየር ሙቀት ያነጻጽሩ። ሌሊቱን ሙሉ አብረው ቀዝቅዘዋልና ቁጥሮቹ መቀራረብ አለባቸው። ውሃው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ነኝ ካለና አየሩ 15 ካለ ውሸታሙ ተገኘ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ ነው፤ ሆኖም ሲደረግ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

አየር በዝቶ ኮምፒውተሩ ቤንዚን የሚጨምር ከሆነ ደግሞ መስመሩን በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ እና በደቂቃ 2,500 ዙር ያነጻጽሩ። በሚኒሞ ከፍ ብሎ ዙሩ ሲጨምር የሚወርድ ከሆነ የተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ ወይም የአየር መግቢያ ጋስኬት ነው። በጭነት ላይ የሚብስ ከሆነ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮ ይሆናል።

ጠርሙስ ወይስ ዘይት?

መኪናው ለጥቂት ካመለጠው፣ ብዙ ጊዜም አጭር ርቀት ብቻ የሚነዳ ከሆነ፣ ጥሩ የኖዝል ማጽጃ ነዳጁ ውስጥ ጨምሮ ረጅም መንገድ መንዳት ሊረዳ ይችላል። ቁጥሩ የልኩ እጥፍ ከሆነ ግን ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ ይተዉት። የቀለጠ ካታላይዘርን፣ የተሰነጠቀ ቱቦን ወይም የተቃጠለ ቫልቭን የሚጠግን ፈሳሽ የለም።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የዘይት ቅያሪውን እመርጣለሁ። ቤንዚን ሲበዛበት በቆየ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ራሱ ቤንዚን ይጠጣል፤ ሲሞቅ ትነቱ ተመልሶ ወደ አየር መግቢያው ይሳባል፤ ጥፋቱ ከተጠገነ በኋላም ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያቆየዋል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ሲያሸቱት ቤንዚን ቤንዚን የሚል ከሆነ ዘይቱን ሳይቀይሩ ወደ ምርመራ አይመለሱ። የአየር ፊልትሮ ግን በነዳጅ መርጫ መኪና ላይ ኮምፒውተሩ የአየሩን መጠን ለክቶ ስለሚያስተካክል ለውጡ ትንሽ ነው። በካርቡራተር በሚሠራ የቆየ መኪና ላይ ግን የታፈነ ፊልትሮ ቤንዚኑን በእርግጥ ያበዛል።

ሴንሰሩን ከመቀየር በፊት ይጠይቁት

የፊተኛው፣ ማለትም ከካታላይዘሩ በፊት ያለው ሴንሰር፣ በተለመደው ዓይነት ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት መካከል ሳያቋርጥ ይወዛወዛል። ዝቅ ብሎ ከቀረ «ሞቷል» ይባላል፤ ነገር ግን ያየውን እውነት እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ለመለየት በአየር መግቢያው በኩል ጥቂት የካርቡራተር ማጽጃ መርጨት ይበቃል፤ እሳት ስለሚይዝ ከጋለ ብረትና ከብልጭታ ይራቅ። ቮልቱ ወዲያው ወደ 0.9 ከዘለለ ሴንሰሩ ይሰማል ማለት ነው። ቀጥሎ አንድ የቫኪዩም ቱቦ ነቅለው አየር ያስገቡ፤ ቮልቱ ቶሎ ከወረደ አይቀይሩት። ሁለቱንም ቀስ እያለ የሚመልስ ከሆነ አርጅቷልና ይቀየር። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ያለው ሰፊ ክልል የሚለካው ዓይነት ግን በቮልት መወዛወዝ አይፈተሽምና በስካነሩ የላምዳ ንባብ ይፈትሹት።

አዲስ ሴንሰር ከገዙ ደግሞ የቀድሞውን ምን እንደገደለው ይወቁ። የሲሊኮን ማጣበቂያ፣ የሚፈስ የራዲያተር ውሃና የሚቃጠል ዘይት ሦስቱም ሴንሰር ይመርዛሉ፤ ምንጩ ካልተዘጋ አዲሱም ቀኑ አይርቅም።

ካንዴላና ቦቢና

ሃይድሮካርቦን ብቻውን ከፍ ካለ ከዚህ ይጀምሩ፤ የትኛውም ሌላ ምርጫ ከዚህ አይቀድምም። ኮዱ ፒ0301 ካለ አንደኛው ሲሊንደር፣ ፒ0302 ካለ ሁለተኛው እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ካለው የአንደኛውን ከሦስተኛው ጋር ይለዋውጡና ኮዱን አጥፍተው ይንዱ። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከተዛወረ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው። እዚያው ከቀረ ካንዴላውን፣ ቀጥሎ ኖዝሉን፣ በመጨረሻም የሲሊንደሩን ግፊት ያስለኩ።

የሞተር መብራቱ እየበራ የሚጠፋ፣ ማለትም ብልጭ ብልጭ የሚል ከሆነ ግን በዚያ ሁኔታ አይንዱ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታላይዘሩ ውስጥ ገብቶ እዚያ ይነድዳል፤ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ የማር እንጀራ የመሰለውን ሴራሚክ ሊያቀልጠው ይችላል።

ካታላይዘር፦ ኦሪጅናል፣ ሌላ ሥሪት ወይስ ያገለገለ?

ካታላይዘር በዕድሜው ከሚሞተው በሌላ ጥፋት የሚገደለው ይበዛል። የሚቃጠል ዘይት ፎስፈረስ ይለብጠዋል፤ ካንዴላ የሳተ ሞተር ያቀልጠዋል፤ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ይመርዘው ነበር፤ ይህ ቤንዚን ለመኪና መሸጡ በመላው ዓለም የቆመው በ2021 ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የቀድሞው ለምን እንደሞተ ማወቅ አለብዎት። መልሱ ካልተገኘ አይግዙ።

መሞቱን ለማረጋገጥ ሲቀዘቅዝ በጎማ መዶሻ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት፤ ውስጡ ከተንኳኳ ሴራሚኩ ተሰባብሯል። መኪናው በሚኒሞ ደህና ሆኖ ሲነዳ ጉልበት ካጣ ተደፍኖ ሊሆን ይችላልና የጭሱን ግፊት በጌጅ ያስለኩ። ከካታላይዘሩ በኋላ ያለው የኋለኛው ሴንሰር ከፊተኛው ጋር እኩል መወዛወዝ ከጀመረም ካታላይዘሩ ኦክስጅን መያዝ አቁሟል፤ ፒ0420 የሚለው ኮድ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኮዱ «ካታላይዘር ቀይር» አይልም፤ «ሥራው ከተወሰነለት በታች ሆኗል» ነው የሚለው።

ሥራውን የሚሠሩት ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ናቸው፤ ውድ የሆነውም በእነሱ ምክንያት ነው። ኦሪጅናሉ ለዚያ ሞተር በተለካ መጠን ይዟቸዋል። የሌላ ፋብሪካ ሥሪት ብዙ ጊዜ ያነሰ ይይዛል። እዚህ ላይ ምርጫውን የሚወስነው የምርመራው ዓይነት ነው። ምርመራው ጋዝን ከጭስ ቱቦው የሚለካ ከሆነና መኪናው አሮጌ ከሆነ፣ ደረጃውን የሚያሟላ የሌላ ፋብሪካ ሥሪት ይበቃል። ምርመራው የመኪናውን ኮምፒውተር የሚጠይቅ ከሆነ ግን ርካሹ ከጥቂት ወራት በኋላ ፒ0420ን መልሶ ሊያበራው ይችላል፤ መኪናውን ለዓመታት ማቆየት የሚፈልግ ሰው ኦሪጅናሉን ቢገዛ ይሻለዋል። ያገለገለውን እኔ አልገዛም። ከተነቀለበት መኪና ምን እንደደረሰበት ማንም አይነግርዎትም፤ መሸጡን ሕግ የሚከለክልበት ቦታም አለ። አውልቆ ማጠብ ደግሞ ጥላሸትን ያስለቅቅ ይሆናል እንጂ ፎስፈረስን አያነሳም፣ የቀለጠውንም አይመልስም።

የካታላይዘሩን ሆድ አውጥቶ ባዶውን ቆርቆሮ መመለስ፣ የኋለኛውን ሴንሰር በማራቂያ ብሎን ማታለል፣ ኮምፒውተሩን አስተካክሎ ኮዱን ማፈን የሚሉ ምርጫዎችም ይቀርቡልዎታል። እነዚህን ከሌሎቹ ጋር አላነጻጽርም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው፤ የጭስ ቱቦውም ከፍታ በእግሩ የሚሄድ ሕፃን ከሚተነፍስበት ብዙ አይርቅም። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያቀርብልዎት ጋራዥ የቀረውንም ሥራውን አይመኑት።

ማን ይመርምረው?

ርካሽ ስካነር ገዝተው ራስዎ ማየት ይችላሉ፤ ከላይ የጠቀስኩትን መስመርና የሙቀት ንጽጽር ለማንበብ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ነገር ግን የጭሱን ጋዝ አይለካም። ጎረቤት ያለው መካኒክ ዕቃ በመቀየር ይካናል፤ የጋዝ መለኪያ ከሌለው ግን ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ለውጡን ማየት አይችልም፤ የሚፈትሽልዎት የምርመራ ጣቢያው ይሆናል፣ እያንዳንዱም ሙከራ አንድ ውድቀት ነው። የመኪናው አምራች ወኪል ትክክለኛ መረጃ አለው፤ ሰዓቱ ውድ ነው፣ ቀላሉን ክፍል ከመጠገን ሙሉውን መቀየርም ይቀናዋል። የእኔ ምርጫ ሁለት መሣሪያ ያለው ጋራዥ ነው፦ የጋዝ መለኪያና ጢስ እየነፋ ስንጥቅ የሚያሳይ ማሽን። ሲደውሉ «ካታላይዘር ስንት ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ «ከጥገናው በፊትና በኋላ ጋዙን ለክታችሁ ቁጥሩን ትሰጡኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ለፍተሻ ሰዓት መክፈል የሚያስቆጭ ይመስላል፤ እኔ በከንቱ ለገዛሁት ካታላይዘር ከከፈልኩት ጋር ግን አይወዳደርም።

በአሜሪካ ከ1996፣ በአውሮፓ ለቤንዚን ከ2001 ጀምሮ የሚወጡ መኪኖች ወጥ የሆነ የስካነር መሰኪያ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። መኪናዎ ከዚያ የሚቀድም ከሆነ የጋዝ መለኪያ የሌለው ጋራዥ በጨለማ ነው የሚሠራው።

ናፍጣ መኪና የተለየ ነው፤ የሚለካው የጭሱ ጥቁረት ነው። ጥቁር ጭስ ናፍጣ በዝቷል ወይም አየር አንሷል ማለት ነው፤ ከኖዝል በፊት የተርቦ (ለሞተሩ አየር የሚገፋው) ቱቦዎችን ቀዳዳና የአየር ፊልትሮውን ይዩ፤ በናፍጣ ላይ ፊልትሮው ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ምርመራው ሞተሩን እስከ መጨረሻው ዙር ስለሚያስረግጥ የታይሚንግ ቀበቶው ጊዜው ካለፈ ሊበጠስ ይችላልና አስቀድመው ይቀይሩት።

መቼ ይተዉት?

የሁሉም ሲሊንደሮች ግፊት ወርዶ፣ ሞተሩም በየሳምንቱ ዘይት የሚጠጣ ከሆነ ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ አልቋል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ አዲስ ካታላይዘር መግጠም እሱንም መግደል ነው። ምርጫው ሞተሩን ማሳደስ ወይም መኪናውን እውነቱን ተናግሮ መሸጥ ነው። አንዱ ሲሊንደር ብቻ ወርዶ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ ግን አይቸኩሉ፤ ቫልቭ ወይም የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ሊሆን ይችላልና ይጠገናል።

ተጠግኖ ወደ ምርመራ ሲመለሱ

ኮዱን ጠዋት አጥፍተው ከሰዓት በኋላ አይሂዱ። ኮድ ሲጠፋ ወይም ባትሪ ሲነቀል ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎች ከዜሮ ይጀምራል፤ ሳይጨርስ ከደረሱ «ዝግጁ አይደለም» ተብለው ይመለሳሉ። ጥቂት ቀናት ይንዱት፤ በየቀኑ ከቀዝቃዛ ተነስቶ፣ ከተማም ረጅም መንገድም አይቶ። የነዳጅ ጋኑ ከሩብ በላይና ከሦስት ሩብ በታች ይሁን፤ የነዳጅ ትነት ፍተሻ ሞልቶም ተሟጥጦም አይካሄድም። ስካነሩ ሁሉም ፍተሻዎች መጠናቀቃቸውን ሲያሳይ ይሂዱ።

ካታላይዘር ሥራ የሚጀምረው 250 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ በሚኒሞ ለረጅም ጊዜ ከቆመም መልሶ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ 20 ደቂቃ በደንብ ነድተው ይድረሱ። ሰልፉ ረጅም ከሆነ ሞተሩን ሳያጠፉ ይጠብቁ፤ ተራዎ ሊደርስ ሲል ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው ነዳጁን ረገጥ በማድረግ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ያቆዩት፤ ከዚያ ለመርማሪው ያስረክቡ።